«ሰው አይወድም» የተባለ ትልቅ ውሻ እንዴት እንረከብ?

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ የነበረው ሰው ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ ወይም ቤተሰቡ ጠቅልሎ ውጭ ሲሄድ፣ ዕቃው ይሸጣል፣ መኪናው ይሸጣል፣ ውሻው ይቀራል። ቡችላ ቢሆን ጎረቤት ይሻማበት ነበር። አምስት ዓመት በሰንሰለት የኖረን አርባ ኪሎ ውሻ ግን ማን ይወስደዋል? ስልክ ይደወላል። «አንተ ውሻ ትወዳለህ አይደል?» ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሌም አንድ ነው፦ «ትንሽ ሰው አይወድም እንጂ ጎበዝ ውሻ ነው።»

ጃምቦ እኔ ጋ የመጣው እንዲህ ነው። ስሙን የድሮ ባለቤቶቹ ናቸው ያወጡለት። ቡችላ ሳለ ቁመቱ ከአንድ ጃምቦ ብርጭቆ አይበልጥም ነበር አሉ። እኔ ስረከበው 41 ኪሎ ነበር። አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ እናቱን የሚያውቃት የለም። ከሱ በፊት ሦስት ትልልቅ ውሾች አሳድጌያለሁ። ቢሆንም በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ «ምን ውስጥ ነው የገባሁት?» ብያለሁ።

እንዲህ ያለ ውሻ ልትረከቡ እያሰባችሁ ከሆነ፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ ከነስህተቱ እነሆ።

1. ልምድ አለኝ ከማለታችሁ በፊት

«ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል» ሲባል ብዙ ሰው ልጅነቱን ያስታውሳል። «እኛ ቤት ውሻ ጠፍቶ አያውቅም» ይላል። እሺ፣ ግን ማን ነበር የሚያበላው? ማታ ማን ነበር የሚፈታው? የብዙዎቻችን ቤት ዘበኛው ነበር። እኛ በረንዳ ላይ ሆነን ነው «ያሳደግነው»።

እኔ ልምድ የምለው ሌላ ነው። ትልቅ ውሻ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያጉረመርም አትጮሁም፣ አትሮጡም፣ አትመቱትም። ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ትወጣላችሁ። በማግስቱም ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። ይኼን አንድም ቀን ካላደረጋችሁት የመጀመሪያ ውሻችሁ እንዲህ ያለው አይሁን።

ከዚያ ቤታችሁን እዩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ፣ ወይም ግቢው ከሌላ ተከራይ ጋር የጋራ ከሆነ ሐሳቡን እዚሁ ተዉት። ትንንሽ ልጆች ካሉም ተዉት። በዚህ አልደራደርም። ሕፃን ልጅ ማጉረምረም ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፤ ፊቱ ደግሞ ከውሻው አፍ ጋር እኩል ነው።

ሕጉንም እወቁት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2071፣ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው ይላል። ሳያስበው ከእጁ አምልጦ የሄደ ቢሆን እንኳ። ስለዚህ «በሩን ዘበኛው ነው ክፍት የተወው» የሚባለው ነገር ብዙ አያድንም። በር ላይ የሚለጠፈው «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍም እንደዚያው።

2. ባለቤቱን ሳይሆን ዘበኛውን ጠይቁ

ባለቤቱ ሊሰጣችሁ ነው የሚፈልገው። መዋሸት እንኳ ባይሆን ያሳምረዋል። እኔ የጃምቦን ባለቤት «ነክሶ ያውቃል?» ብዬው ነበር። «ኧረ፣ ያስፈራራል እንጂ» አለኝ።

ስወጣ በር ላይ ዘበኛው ቆመው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ባታቸውን አሳዩኝ። አራት ጠባሳ አለ። «ይኼ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ልጄ። እሱ አይፈረድበትም። በፊት የነበረው ዘበኛ በመጥረጊያ እንጨት ይቀጠቅጠው ነበር። እኔ ግቢ ልጠርግ መጥረጊያ ይዤ ቀረብኩት። በል መጥረጊያ ይዘህ እንዳትቀርበው።»

ባለቤቱ በአንድ ሰዓት ያልነገረኝን እሳቸው በአንድ ደቂቃ ነገሩኝ። «ይነክሳል ወይስ አይነክስም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ መቼ ነከሰ? ማንን? ያ ሰው ምን ይዞ ነበር? ውሻው እየበላ ነበር ወይስ ታስሮ? ሳይነክስ በፊት አጉረምርሟል? ደም ወጥቷል? አንዴ ነክሶ ለቀቀ ወይስ አልለቅም አለ? የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ፈርቶ አንዴ ቀጨም አድርጎ የሸሸ ውሻና ይዞ የሚያራግፍ ውሻ አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ዓይነት እኔ አልወስድም። እናንተም አትውሰዱ።

3. ከመውሰዳችሁ በፊት ተመላለሱ

በአንድ ቀን አይታችሁ አትውሰዱ። እኔ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ ቀን ሰንሰለቱ ከሚደርስበት ሁለት ሜትር ርቄ ጎኔን ሰጥቼው በኩርሲ ተቀመጥኩ። ዓይኑን አላየሁትም። አላናገርኩትም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጮኸብኝ። በየመሃሉ የተቀቀለ የበሬ ልብ፣ ጥፍር የምታክል ቁራጭ፣ እግሩ ሥር እወረውርለታለሁ። አልነካውም። ስሄድ ዞር ብዬ ሳይ እየለቀመ ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ስገባ ጮኸ፣ ስቀመጥ ግን ዝም አለ። አምስተኛው ቀን ጭራውን ዝቅ አድርጎ አንዴ ወዘወዘ። (ጭራ መወዝወዝ ሁሌ ደስታ እንዳይመስላችሁ። ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ገላውም ግትር ካለ፣ ራቁ።) በአምስት ቀን ምንም ለውጥ ካላያችሁ ገና ናችሁ ማለት ነው። ምግብ ከናካቴው የማይነካ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ይየው።

4. ግቢውን ቀድማችሁ አዘጋጁ

ውሻው ከመምጣቱ በፊት ብየዳ ቤት ሂዱ። ብዙ ሰው ውሻውን ያመጣና ከዚያ ያስባል። እስከዚያ ድረስ መልሶ በሰንሰለት ያስረዋል። ሰንሰለት ደግሞ ነገሩን የሚያባብሰው ነው። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፤ መሸሽ ሲያቅተው የሚቀረው መንከስ ነው። ቀን አስሮ ማታ መፍታት የለመድነው ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ አላፊ አግዳሚውን ከታሰረበት ሆኖ እያየ የሚብሰለሰል ውሻ ማታ ሲፈታ ረጋ ያለ ጠባቂ አይሆንም።

እኔ ያሠራሁት በሽቦ መረብ የታጠረ፣ 2 በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ነው። ከፍታው ሁለት ሜትር። ግማሹ በቆርቆሮ ተከድኗል፤ ውስጡ ከዝናብ የሚጠለልበት የእንጨት ቤት አለው። ሦስት ነገር ለበያጁ አስረግጣችሁ ንገሩት። አንደኛ፣ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት፤ ወደ ውጭ የሚከፈተውን አርባ ኪሎ ውሻ በደረቱ ገፍቶ ይወጣል። ሁለተኛ፣ መሸጎሪያው ሁለት ይሁን፣ ላይና ታች። ሦስተኛ፣ ከሥር ሳህን የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑረው። እናንተ የሌላችሁ ቀን ሌላ ሰው በር ሳይከፍት እንዲያበላው ነው። የእኔ በያጅ «አንበሳ ነው እንዴ የምታመጣው?» ብሎ ስቆብኛል።

አቅም ካላችሁ ከውጭው በር ጀርባ ሁለተኛ ትንሽ በር አሠሩ። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ላሜራው በር ተከፍቶ መኪና ሲገባ ወይም ሰው ሲያንኳኳ ውሻ የሚያመልጠው በዚያች ደቂቃ ነው።

5. ሐኪሙ

ወረቀት ከሌለው አልተከተበም ብላችሁ ቁጠሩት። «ተከትቧል» የሚል ቃል ክትባት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ውሻውን መከላከል እስኪጀምር ሦስት አራት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ከተቻለ ድሮ ቤቱ ሳለ አስከትቡት፤ ከዚያም በየዓመቱ።

ሐኪሙ ቀድሞ እንዲያይ የምፈልገው ግን ሕመምን ነው። ጆሮው የመገለ፣ ጥርሱ የተበላሸ፣ ዳሌው የሚያመው ትልቅ ውሻ ክፉ ይመስላል። ሲነኩት ስለሚያመው ነው የሚነክሰው። ጃምቦ አንገቱ ዙሪያ ፀጉር አልነበረውም። ሰንሰለቱ በልቶት ቆዳው ቆስሎ ነበር። ያ ቁስል እስኪድን ማንም አንገቱን እንዲነካ አልተፈቀደለትም። እሱም አልፈቀደም፣ እኔም አልፈቀድኩም።

ወጪው ካሳሰባችሁ ወይም ከባድ ነገር ከገጠማችሁ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ስለ ማኮላሸት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሴት ፍለጋ አጥር መዝለልን ይቀንሳል። ከፍርሃት የመጣን ንክሻ ግን አያድንም።

6. የሚመጣበት ቀን

ጠዋት አታብሉት፤ መኪና ላይ ያስመልሰዋል። ሁለት ማሰሪያ ይኑራችሁ፦ አንዱ አንገቱ ላይ፣ አንዱ ደረቱን አቅፎ የሚይዘው ቀበቶ ላይ። የፈራ ውሻ ወደ ኋላ ሲስብ የአንገቱ ቀበቶ በጆሮው በኩል ሹልክ ይላል፣ ከዚያ ቀለበት መንገድ ላይ ነው የምትፈልጉት። የሚያረጋጋ ክኒን ከፈለጋችሁ ከሐኪም እጅ ብቻ። ዘበኛው ወይም የሚያውቀው ሰው አብሮ ይምጣ። እኔ ጋሼን ለምኜ አመጣኋቸው። የተኛበትን አሮጌ ጆንያም አምጥተን አዲሱ ቤቱ ውስጥ አነጠፍን። ጆንያው ይሸታል። ይሽተት። ለእሱ ግቢው ውስጥ የሚያውቀው ብቸኛ ነገር ነው።

ዘመድ አዝማድ «ውሻውን እንየው» ብሎ አይምጣ። የእንኳን ደህና መጣህ ቡና አይፈላም።

7. ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር

ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች የሚሉት ነው፦ ለመረጋጋት ሦስት ቀን፣ ቤቱን ለመልመድ ሦስት ሳምንት፣ የኔ ነው ለማለት ሦስት ወር። እንደ ጃምቦ ላለው ውሻ ይኼም ያንሳል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምንም አታድርጉ። ምግብ አስገቡ፣ ውኃ ቀይሩ፣ ውጡ። አትነካኩት። አታጥቡት። «ይሸታል» ብሎ በመጣ በማግስቱ ሊያጥብ የሞከረ ጓደኛ ነበረኝ። ውጤቱን መገመት ትችላላችሁ።

በአራተኛው ቀን ግቢው ውስጥ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ ከፈትኩለት። ሮጦ ግቢውን የሚያዳርስ መስሎኝ ነበር። ወጣና ከበሩ ፊት ለፊት መዞር ጀመረ። ሦስት ሜትር ያህል ሄዶ ይዞራል። ሦስት ሜትር፣ ይዞራል። ሰንሰለቱ ይደርስበት የነበረውን ያህል ነው። አንገቱ ላይ ምንም የለም፤ ግቢው ክፍት ነው፤ እሱ ግን ክቧን አላለፋትም። ለዘጠኝ ቀን እንደዚያው ነበር። በአሥረኛው ቀን አንድ ቁራጭ ልብ ከክቧ ውጭ ወረወርኩ። አንገቱን አስግጎ አያት፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ማስተማር የሚጀመረው። አራት ቃል ይበቃል፦ «ና»፣ «ቁጭ»፣ «ተው»፣ «ቤትህ»። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያንኑ ቃል ይበል። አንዱ «ና»፣ አንዱ «ከም»፣ አንዱ በፉጨት ከጠራው ማንንም አይሰማም። በቀን ሁለት ሦስቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። ከሁሉም «ቤትህ» የምትለዋን አጥብቁ። እንግዳ ሲመጣ የምታድናችሁ እሷ ናት። ሲገባ ሁሌም የሚጠብቀው ጥሩ ነገር ይኑር። ለቅጣት አትዝጉበት።

ዱላ አያስፈልግም። ይኼን ለማዘን ብቻ አይደለም የምለው፤ ስለማይሠራ ነው። ጫማ ከበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚመታ ውሻ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የሚማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው።

8. ማጉረምረሙን አትቅጡ

ይኼን ለብቻው ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው። ውሻ ሲያጉረመርም «አንተ!» ብለን እንቆጣለን። ውሻው ግን እያስጠነቀቀ ነው። «ይበቃል፣ አትቅረበኝ» እያለ ነው። በተደጋጋሚ ከተቀጣ ማጉረምረሙን ይተዋል። መንከሱን ግን አይተውም። ያኔ ነው ሰው «ዝም ብሎ፣ ሳይታሰብ ነከሰኝ» የሚለው።

ከማጉረምረም በፊትም ምልክት አለ። እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል። ፊቱን ያዞርና በዓይኑ ጥግ ያያችኋል፤ ነጩ ይታያል። የጀርባው ፀጉር ይቆማል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ደርቆ መቆሙ ነው። እየተንቀሳቀሰ የነበረ ውሻ ድንገት ቀጥ ካለ፣ ማለክለኩንም ካቆመ፣ እጃችሁን መልሱ።

ሳህኑ አጠገብም እንዲሁ። «ጌታው እኔ ነኝ» ብሎ እየበላ ያለ ውሻ ሳህን ውስጥ እጅ መስደድ ጀግንነት አይደለም። በአጠገቡ ስታልፉ ከሚበላው የተሻለ ቁራጭ ጣል አድርጉለትና እለፉ። ከሳምንታት በኋላ ስትመጡ ጭራውን ይወዘውዛል።

9. የአፍ መሸፈኛ

ሰው ሲያየው ጭካኔ ይመስለዋል። አይደለም፤ ተገቢው ዓይነት ከሆነ። የቅርጫት ቅርጽ ያለውን ግዙ። ውስጡ አፉን ከፍቶ ማለክለክና ውኃ መጠጣት ይችላል። አፉን ጭምቅ አድርጎ የሚያስረው የጨርቁ ዓይነት ለጥቂት ደቂቃ ሕክምና እንጂ ለሽርሽር አይሆንም። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው።

ባንድ ቀን አታጥልቁለት። እኔ ሁለት ሳምንት ውስጡ ሥጋ እያስቀመጥኩ ራሱ አፍንጫውን እንዲያስገባ ብቻ ነው ያደረግኩት። ከዚያ ማሰሪያውን ለሁለት ሰከንድ፣ ከዚያ ለአሥር። አሁን ሳነሳው ሽርሽር መሆኑን ያውቃል፤ እየሮጠ መጥቶ አፍንጫውን ይከታል። ሐኪም ቤትም ሰፈርም ያለሱ አንወጣም። የምንወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ቆራሌው መጮህ ሳይጀምር።

10. ምግብ፣ በተለይ በጾም

የተረፈ ወጥ በእንጀራ የለመድነው የውሻ ምግብ ነው። ችግሩ ሽንኩርቱ ነው። ቀይም ነጭም ሽንኩርት፣ የበሰለም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽሮውም እንደዚያው። ስለዚህ ለእሱ ለብቻው ቀቅሉ፦ ሩዝ ወይም ቅንጬ፣ ካሮት፣ የሥጋ ቅንጥብጣቢ። ጨውም ቅመምም የለውም። ደረቅ የውሻ ምግብ መግዛት ከቻላችሁ ሐሳብ ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን እንደምታውቁት ነው።

የበሰለ አጥንት አትስጡት፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከቄራ ወይም ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አይሰጥ። ውስጡ ያለው የኮሶ ትል ዓይነት በውሻው አልፎ እናንተ ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እጢ ሊያወጣ ይችላል። በደንብ ቀቅሉት። የትል መድኃኒቱንም በየሦስት ወሩ በሐኪም፣ በኪሎው ልክ።

በሁዳዴ ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ውሻ ደግሞ አይጾምም። የሙስሊም ሥጋ ቤት ክፍት ስለሆነ ከዚያ ይገዛል። ካልሆነ ቀድማችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። የተቀቀለ እንቁላልም ይረዳል። በርቦት በሚያጉረመርም ውሻ ላይ ስለ ጠባይ መናገር ከንቱ ነው።

ቀኑን በሁለት ከፍላችሁ አብሉት። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ባንዴ ብዙ በልቶ ከሮጠ ሆዱ ሊነፋና ሊዞርበት ይችላል። ሊያስመልስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው፣ ሆዱም ከተወጠረ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

11. የቤቱ ሰውና እንግዳው

ውሻ ከማምጣታችሁ በፊት የቤት ሠራተኛችሁን አማክሩ። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር የምትውለው እሷ ናት። ልብስ የምታሰጣው፣ በር የምትከፍተው እሷ ናት። «እፈራለሁ» ካለች እውነቷን ነው። እኛ ቤት የተስማማነው፣ እኔ ከሌለሁ ጃምቦ አይከፈትም። ቁልፉ አንድ ነው፤ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። በር ይንኳኳል። «ቤትህ» ይባላል። ይገባል። ሁለቱም መሸጎሪያ ይዘጋል። ከዚያ በር ይከፈታል። እንግዳው ዝናብ ላይ ቢቆምም ይቁም።

ይኼን የምለው አንድ ቀን ስላፈረስኩት ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነበር። ጃምቦ እጄን ልሶኛል፣ ልቤ ሞልቷል። የባለቤቴ ወንድም መጣ። «ግባ፣ አሁንማ ለምዷል» አልኩት። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ገና አባርቷል። ልጁ ጃንጥላውን አጥፎ በእጁ እያወዛወዘ ገባ። ጃምቦ አልጮኸም፣ አላጉረመረመም። የጃኬቱን እጅጌ ከክርኑ በታች ቀዶ ወሰደው። ቆዳው አልተነካም፣ ተመስገን። እኔ ጋሼ የነገሩኝን መጥረጊያ ብቻ ነበር በልቤ የያዝኩት። ለእሱ ግን የታጠፈ ጃንጥላም ያው እንጨት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ዓውደ ዓመትም ያው ነው። በቡሄ ልጆች በር ላይ ሆያ ሆዬ እያሉ መሬቱን በዱላ ሲደበድቡ አስቡት። እኔ ከነሐሴ 12 ጀምሮ ጃምቦን ጓሮ አስገብቼ ራዲዮ እከፍትለታለሁ፤ ሙልሙሉን ይዤ እኔው ውጭ እወጣለሁ። እንቁጣጣሽና መስቀል ላይ ርችት አለ። ፋሲካ ላይ በግ ግቢ ውስጥ ይታሰራል፤ በጉና ውሻው አይተያዩ።

12. ሰው ከነከሰ

ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት አይታችሁ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። «ውሻው ተከትቧል» ብላችሁ ቤት አትቅሩ፤ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ድሮ ሆድ ላይ የሚወጋውን መርፌ እያስታወሰ የሚፈራ አለ። አዲሱ ዓይነት ክትባት ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው። የባህል መድኃኒት ፍለጋ የሚጠፋው ቀን ነፍስ ያስከፍላል።

ውሻውን በንዴት አትግደሉት። ተዘግቶ 10 ቀን ይታያል። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ክትባቱን ለመጀመር አሥሩን ቀን አይጠብቅም።

13. ካልሆነስ?

ሊሆን አይችልም የሚባልበት ጊዜ አለ። ሐኪም አይቶታል፣ ስድስት ወር ሞክራችኋል፣ አሁንም ይዞ አይለቅም፣ ወይም የቤቱ ሰው በፍርሃት ታስሮ ይኖራል። ያኔ ሁለት መንገድ ነው ያለው። ሰፊ ግቢ ላለው፣ ከእናንተ ለሚሻል ሰው መስጠት፤ ወይም በሐኪም እጅ ያለ ስቃይ ማሳረፍ። ሁለተኛው ያማል። መንገድ ላይ መልቀቅ ግን ምርጫ አይደለም። ከከተማ ውጭ ወስዶ መጣልም። እዚያ የሚነከሰው የሌላ ሰው ልጅ ነው።

የምትሰጡ ከሆነ አንድ ወረቀት ጻፉ። እኔ የጃምቦን ጽፌ ዘበኛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እኔ ብታመም ወይም ባልኖር የሚረከበው እንዲያነበው። የክትባቱ ቀን አለ፣ የሐኪሙ ስልክ አለ፣ አራቱ ቃላት አሉ። ከሁሉም በላይ በትልቁ የተጻፈው የጋሼ ነው፦ «መጥረጊያ ይዘህ እንዳትቀርበው»። ከሥሩ በእስክሪብቶ «ጃንጥላም» ብዬ ጨምሬበታለሁ።